ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሽመል፣ እሳትና የዝናብ ወቅት በቶንጎ



ስለ ችግኝ ተከላ ሁላችንም ብዙ ሰምተናል፤ በየክረምቱም ተክለናል። ዛሬ ማንሣት የምፈልገው ከመትከል የሚቀድመውን ጉዳይ ነው። ማንም ሳይተክለው በቅሎ ያገኘነውን ሽመል (የቆላ ቀርከሃ)፣ ወይባ፣ ዋንዛና የዕጣን ዛፍ እንዴት እንያዘው? አሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ደናችን የሚያልቀው ሰው ስለ ተጠቀመበት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው የሚያልቀው ያለ ጊዜው ስለ ተነካ ነው። ያለ ጊዜው ይቆረጣል፣ ያለ ጊዜው ይቃጠላል፣ ያለ ጊዜውም ይታረሳል። የአየር ጠባዩ እየተለወጠ ሲሄድ ደግሞ ድሮ ይቅር ይባል የነበረው ጥፋት ይቅር የማይባል ይሆናል።

እስቲ መጀመሪያ የቆምንበትን ቦታ እንመልከት። ቶንጎ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል የወለጋ ከፍታ፣ በምዕራብ በኩል የሱዳን ቆላ አለ። ውኃችንም እንደ መሬታችን ሁለት ወገን ነው። ዳቡስ ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ያቡስ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ወደ ነጭ ዓባይ ተፋሰስ ይፈስሳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራው በዚሁ ክልል በጉባ ነው። ከዳቡስ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር መንገዱ ወደዚያው ነው። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ተዳፋት ላይ የቆመ ሽመል የዚያ ቀበሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሚይዘው አፈር ባይያዝ ኖሮ የት እንደሚደርስ እናውቃለን።

ብዙ ሰው «የአየር ንብረት ለውጥ» ሲባል አፋርን፣ ሶማሌን፣ ወሎን ያስባል። እኛ ዘንድ ክረምት ይረዝማል፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ታዲያ ምን ያሳስበናል? ይባላል። የሚያሳስበን እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ጨምሯል። በአገር ደረጃ የዝናቡ ጠቅላላ መጠን እንደ ሙቀቱ ግልጽ አቅጣጫ አላሳየም፤ ከዓመት ዓመት ግን ይዋዥቃል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ያው ዝናብ ቶሎ ይተናል፤ ሣሩም ቶሎ ይደርቃል። ረጅም ክረምት ብዙ ሣር ያበቅላል፤ ብዙ ሣር ደግሞ በበጋ ብዙ ማገዶ ለእሳት ያቀርባል። የወሎ ገበሬ የአየሩን ለውጥ በክረምት ሰማይ ላይ ያየዋል፤ እኛ ግን በይበልጥ የምናየው በበጋ፣ በሚነደው ሣራችን ላይ ነው።

አሁን ወደ ሽመሉ ልምጣ። በአገራችን ሁለት ዓይነት የቀርከሃ ወገን አለ። አንዱ በአዊ፣ በሲዳማና በጉራጌ ደጋ የሚበቅለው ውስጡ ክፍት የሆነ የደጋ ቀርከሃ ነው። ሁለተኛው የእኛው ሽመል ነው፤ ውስጡ ድፍን፣ ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 ሜትር፣ ድርቅን የሚችል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ጥናት የኢትዮጵያን ቀርከሃ ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር ገመተው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳተላይት ጥናት ደግሞ ቁጥሩን 1.47 ሚሊዮን ሄክታር አደረሰው። በሁለቱም ቢሆን ትልቁ ድርሻ የቆላው ሽመል ነው፤ የቆላው ሽመል ዋና አገሩ ደግሞ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው። ቤታችን፣ አጥራችን፣ ጎተራችን፣ የንብ ቀፎአችን፣ አልጋችን ከእርሱ ነው፤ በክረምት መግቢያ ቡቃያውም ይበላል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከሩቅ አገር በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ሽመሉ ግን ደጃችን ላይ ነው።

ሽመል ከዛፍ የሚለይበት ነገር አለ። የሽመል አገዳ ከአፈር ሲወጣ ውፍረቱ ያኔውኑ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይወፍርም። በአንድ ክረምት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠንከር ነው፤ ለመጠንከር ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። አንድ ዓመት የሞላው አገዳ ሲያዩት ትልቅ ነው፤ ሲቆረጥ ግን ውኃ የበዛበት፣ ቶሎ የሚጣመምና ነቀዝ የሚወድደው ነው። የአንድ ዓመቱን የቆረጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፦ ቤቱ አይቆይለትም፤ ለመጪው ክረምት ቡቃያ ምግብ የሚያዘጋጀውን ቅጠልም አጥፍቷል።

ታዲያ የአንድ ዓመቱና የአራት ዓመቱ በአንድ እግር ላይ ተቃቅፈው ሲቆሙ በምን ይለያሉ? ጠጋ ብላችሁ እዩ። የዘንድሮው አገዳ አንጓዎቹ ላይ ገለባ መሳይ ልባሱ እንደ ተለጠፈ ነው፤ ቆዳው ብሩህ አረንጓዴ ሆኖ በላዩ ነጭ ብናኝ አለበት፤ በጣት ቢያብሱት ይለቅቃል። የሦስትና የአራት ዓመቱ ልባሱን ጥሏል፤ ቆዳው ደብዝዟል፣ ወደ ቢጫ አዘንብሏል፣ አልፎ አልፎም ግራጫ ሽበት ይታይበታል። በገጀራ ጀርባ ሲመቱት ድምፁ ጠንካራ ነው። የሚቆረጠው ይሄኛው ነው።

ችግሩ አሮጌው አገዳ የሚገኘው መሐል ላይ መሆኑ ነው። አዲሱ ቡቃያ ከዳር ከዳር ይወጣል፤ ሽመሉ በየዓመቱ ወደ ውጭ ይሰፋል። ቆራጭ የሚደርስበት ዳሩን ስለሆነ ጎበዙን ወጣት እየቆረጠ ይሄዳል፤ መሐሉ ታፍኖ ይደርቃል፤ የደረቀው መሐል ደግሞ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። በአንድ ወገን፣ ቡቃያ በማይበዛበት በኩል፣ በር ከፍቶ መግባትና መሐሉን ማጥራት፤ ዳሩን ለአዲሱ ትውልድ መተው ነው። ከአፈር ከፍ አድርጎ ሳይሆን ከመጀመሪያው አንጓ በላይ ጠጋ አድርጎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር መቁረጥ ነው። ቡቃያ በሚወጣባቸው የክረምት ወራት ደግሞ ወደ ሽመሉ ውስጥ አለመግባት፤ ከብትም አለማስገባት ነው። የተቆረጠውን አገዳ ጥቂት ሳምንታት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነቀዝ የሚፈልገውን ስታርች ያወጣል፤ ቤታችሁን ቶሎ ቶሎ ከማደስ ያድናችኋል፤ ቶሎ ቶሎ ካላደሳችሁ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አትቆርጡም።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ሽመል በብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ ያብባል። ሲያብብ በአንድነት ያብባል፤ ዘሩን ያራግፋል፤ ከዚያም እግሩ በሙሉ ይደርቃል። በክልላችን ሰፊ የሽመል መሬት ባለፉት አሥርተ ዓመታት በዚህ መንገድ ደርቋል። ይሄን ያየ ሰው «ሽመሉ ሞተ፣ መሬቱ ባዶ ነው» ይልና ማረሻ ያስገባል፤ ወይም ደረቁን አገዳ ለማስወገድ እሳት ይለቅቃል። ሆኖም ያ መሬት ባዶ አይደለም። የሚቀጥለው የሽመል ደን በዘር መልክ አፈሩ ላይ ተኝቷል። ያን ዓመትና ተከታዮቹን ጥቂት ዓመታት ከእሳት፣ ከማረሻና ከከብት ከተጠበቀ ራሱን ይተካል። ካልተጠበቀ ግን ስንት ዘመን የቆመ ደን በአንድ በጋ ይጠፋል። ሲያብብ ማዘን የለብንም፤ ሲያብብ መጠበቅ አለብን። የየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሽመል ማበቡን ሲሰማ በዚያው ሳምንት ቦታውን መዝግቦ እንዲከለል ማድረግ ይገባዋል እላለሁ።

ስለ እሳት ስንነጋገር አንዱ ሌላውን መክሰስ ይቀናናል። ገበሬ እርሻውን ለማጽዳት ያቃጥላል፤ ከብት አርቢ አዲስ ሣር እንዲበቅል፣ መዥገርና እባብ እንዲሸሽ ያቃጥላል፤ ማር ቆራጭ በጭስ ንቡን ያባርራል፤ አዳኝም እንስሳውን ያስወጣል። እነዚህ ሁሉ ምክንያት አላቸው። ሳይንሱም ቢሆን እሳትን ጨርሶ ጠላት አላደረገውም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከዴንማርካዊው የዕፅዋት ሊቅ ኢብ ፍሪስና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የምዕራብ ኢትዮጵያን የቆላ ደን ሰፊ መሬት መርምረዋል። የወይባና የአባሎ ወገን የሆኑት ዛፎቻችን ቅርፊታቸው ወፍራም፣ ሥራቸው ጥልቅ የሆነው በየዓመቱ ከሚመጣ እሳት ጋር ኖረው ስለ ለመዱት ነው።

እሳት ግን ሁሉ አንድ አይደለም። በኅዳር ሣሩ ግማሹ እርጥብ ነው፤ የሚነሣው እሳት ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ጠዋት ጤዛ ሲኖር ይቆማል፣ ዛፉን አይጎዳም። በየካቲትና በመጋቢት ግን ሣሩ አመድ ለመሆን ተዘጋጅቷል፤ ነፋሱም ጠንካራ ነው። ያኔ የሚነሣው እሳት ቡቃያውንና ችግኙን ከሥሩ ይበላል፤ የሽመሉን ሥር ያቃጥላል፤ ዝናቡ ሲመጣ ራቁቱን የቀረ አፈር ያገኛል። ሙቀቱ እየጨመረ በሄደ ቁጥር የኅዳሩ ደኅና እሳት ጊዜው እያጠረ፣ የየካቲቱ ክፉ እሳት ጊዜው እየረዘመ ይሄዳል። አባቶቻችን ያወቁት የቃጠሎ ጊዜ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ዓመቱን እያዩ መወሰን ያስፈልጋል።

«ታዲያ ከብቶቻችን ምን ይብሉ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። አዲስ ሣር ለከብት የሚያስፈልገው ቦታ በኅዳር፣ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ዳሩ ተመንጥሮ ይቃጠል። ሽመልና ችግኝ ያለበት ቦታ ግን ዙሪያው ከሣር ይጥራ። ከዚህ የተረፈው ሣር በጥቅምት ታጭዶ ይከመር፤ የታጨደ ሣር ለከብት መኖ ነው፣ ለእሳትም አይገኝም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጸብ ብቻ አይደለም፤ ለሣሩም ይሠራል።

ያለ ጊዜው መንካት ምን እንደሚያደርስ ለማየት በክልላችን ቆላ የሚገኘውን የዕጣን ዛፍ ተመልከቱ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያለውን የዕጣን ዛፍ ቆጥሮ፣ በአብዛኞቹ ቦታዎች ለአሥርተ ዓመታት ወጣት ዛፍ እንዳልተተካ አገኘ። ትልልቆቹ ቆመዋል፤ ልጆቻቸው ግን የሉም። በዚህ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ጥናቱ አስጠንቅቋል። ምክንያቶቹም የምናውቃቸው ናቸው፦ እሳት፣ ልቅ ግጦሽ፣ ሰርሳሪ ጥንዚዛና ዕረፍት የሌለው ማድማት። የዕጣን ዛፍን በየበጋው ደጋግሞ ሳያርፍ ማድማት ላምን ለጥጃዋ ጠብታ ሳያስቀሩ ማለብ ማለት ነው። ወተቱ ለጥቂት ጊዜ ይበዛል፤ በረቱ ግን ባዶ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱ ደን ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ስለዚህ ከላይ ያለውን ቅጠል ብቻ አትዩ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ የሚተካ ቡቃያ መኖሩን እዩ።

ስለ እርሻም ጥቂት ልበል። ማሽላችን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ሲጀምር መልካም ነው፤ ጀምሮ ሲቋረጥ ግን ዘሩ ይበላሻል። አንዱን የማሽላ ዘር ብቻ መያዝ አደገኛ ነው። የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል «አዱካራ» እና «አሶሳ-1» የተባሉ ዝርያዎችን ለእርጥብ ቆላ አውጥቷል። እነዚህን ከአባቶች ዘር ጋር አዳብሎ፣ ፈጥኖ የሚደርሰውንና የሚዘገየውን ለየብቻ መዝራት ዝናብ ቢቋረጥ ሙሉውን ከማጣት ያድናል። የአባቶችን ዘር ግን አትጣሉ፤ ለነገ ምርምር የሚሆን ሀብት በየጎተራችሁ ያለው እርሱ ነው። ማሽላን የሚያጠቃው አረም አቀንጭራ ደግሞ ጉልበት ባጣ መሬት ላይ ይበረታል፤ አንዷ የአቀንጭራ ተክል እልፍ አእላፍ ዘር ታራግፋለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይተኛል። የዓለም የምግብ ሽልማትን በ2009 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የተሸለሙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። ነገር ግን ዘሩ ብቻውን አያድንም፤ ከማሽላው መሐል ቦሎቄና ሌላ ጥራጥሬ ማሰባጠር፣ አቀንጭራውንም ሳያብብ መንቀል ይቀረናል።

ሳያዩ መትከል የሚያመጣውን ጉዳት ደግሞ የአሶሳ ማንጎ ያስተምረናል። በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ምዕራብ ተጉዞ ክልላችን ደረሰ። ቅጠሉንና ፍሬውን በነጭ ነጥብ ይሞላል፤ ፍሬው ገበያ አይወጣም። በነፋስም በችግኝም ይጓዛል። ስለዚህ ማንም «ጥሩ ማንጎ ነው» ብሎ ከሌላ ወረዳ ያመጣላችሁን ችግኝ ሳታዩ አትትከሉ፤ ቅጠሉን ገልብጡና እዩ። የበዛውን ቅርንጫፍ በመቀነስ ብርሃንና ነፋስ አስገቡ፤ የታመመውን ቅጠል ሰብስባችሁ ጉድጓድ ውስጥ አቃጥሉ።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ለማገዶ ሲባል በደኑ ላይ የሚወርደው ጫና ካልቀነሰ ደኑ አይቆይም። ይህ አካባቢ ሰው የተቀበለ አካባቢ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌላውም ቦታ የመጡ ወገኖች በአሶሳ ዙሪያ ሰፍረዋል። በ2004 ዓ.ም. ከሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በቶንጎ በተከፈተው ጣቢያ ተጠልለው ነበር፤ በባምባሲም ሌላ ጣቢያ ተከፍቷል። ሰው ሲመጣ ምግቡን ያበስላል፤ ምግብ ለማብሰል እንጨት ያስፈልገዋል። የመጣውን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ሦስት ጉልቻውን ግን መቀየር ይገባል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «ላቀች» የከሰል ምድጃም ከተራው ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። በእናቶች ጀርባ ላይ ያለውን ሸክም የሚያቀልል ነገር ደኑንም ያቀልላል። ስለዚህ የምድጃ ሥራ የሴቶች ጉዳይ ተብሎ መቅረት የለበትም፤ የደን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትነት ልሻገር። ማንም ጊዜ የሚጠብቀው ነገ የእርሱ ከሆነ ብቻ ነው። የሦስት ዓመት ሽመል ሊጠብቅ የሚፈቅድ ሰው፣ በሦስተኛው ዓመት ሌላ ሰው እንደማይቆርጠው ማወቅ አለበት። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ይከፍላል። «የመንግሥት ነው» በሚባልና ጠባቂ በሌለው ደን ላይ ሁሉም ይቆርጣል፤ ቀድሞ የደረሰ ያተርፋል። ማኅበረሰቡ ግን ድንበሩን ሲያውቅ፣ ደንብ ሲያወጣ፣ ከሽያጩም ሲካፈል ጊዜውን ይጠብቃል።

ምሳሌው አገራችን ውስጥ አለ። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነበር። ገበሬዎቹ ዋና ሥራቸው ከአፈር ውስጥ ተቀብሮ የቆየውን የድሮ ዛፍ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ መጠበቅ ነበር። ከሚያቆጠቁጠው መካከል ጎበዙን መርጠው፣ ቀሪውን እየገረዙ አሳደጉት። ሥራው በኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ተያዘ፤ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የካርበን ንግድ ተመዘገበ፤ ገቢውም ለማኅበራቱ ደረሰ። በደንዲ ወረዳ ጭሊሞ ደን ደግሞ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሳታፊ የደን አስተዳደር ሲሠራ ቆይቷል። ሁምቦ በሥር ከቻለ፣ ከደረቀ በኋላም ዘሩ አፈር ላይ የሚቆየው ሽመላችን ምን ይከለክለዋል?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የተተከለው ቁጥር ያስደንቃል፤ ለዚህ አካባቢ ግን ሌላ ቁጥር እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ፦ በየቀበሌው በዚህ ዓመት ሳይቃጠል የተረፈው የሽመል ሄክታር ስንት ነው? ይህን ቁጥር ለመያዝ ችግኝ ጣቢያ አያስፈልግም፤ ውሳኔና ሰላም ያስፈልጋል። ሰላም የምለው እንዲሁ ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። ቀዬውን ጥሎ የሸሸ ገበሬ እሳት የሚከላከል ሰልፍ ውስጥ አይገኝም፤ ባለቤት የጠፋበት ደን ሁሉ ይቆረጣል።

ስለዚህ ልመናዬን በአራት ነገር አጠቃልላለሁ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ቀበሌውን ሰብስባችሁ የዓመቱን የቃጠሎ ቀንና ቦታ ወስኑ፤ ከታኅሣሥ በኋላ እሳት የለቀቀ ሰው ለሸንጎ መልስ ይስጥ። የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፣ የሽመልን አበባ ተከታተሉ፤ የሦስት ዓመቱን ከአንድ ዓመቱ መለየትን በስብሰባ ሳይሆን ሽመሉ ሥር ሆናችሁ አስተምሩ። የክልሉ ሹማምንት ሆይ፣ አዋጁ የፈቀደውን የማኅበረሰብ ደን በካርታ ከልላችሁ በስሙ ስጡ። ወጣቶች ሆይ፣ ዘንድሮ ከምትቆርጡት ሽመል መካከል ልባሱ ያልወደቀውን ተዉት፤ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ብትተዉት የሚጠቅማችሁ ሽመል የሚሆነው እርሱ ነው።